ግመል ብቻ ነው ያከራየነው

ምሳሌ ልንገራችሁ። ሰዎቹ የምሳሌ ሰዎች ናቸውና ስም የላቸውም፤ አገሩ ግን ይፋት ነው፤ ከተማዋ አሊዩ አምባ፤ ዘመኑም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የሚገዙበት ዘመን።

አንኮበር ከላይ በብርድና በጉም ተከባ ቤተ መንግሥቱን ስትይዝ፣ አሊዩ አምባ ከሥሯ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ፣ ገበያውን ይዛ ነበር። አርብ ሲሆን ሐረሬው፣ የታጁራው ነጋዴ፣ አፋሩና አርጎባው፣ ከደጋ እህል ጭኖ የወረደው ገበሬ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ቆዳውና ዝባዱ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቁ፣ ዶቃውና መዳቡ፣ ከአፋር በረሃም ጨው፣ ወደ ላይ ይወጣል። መገበያያው ጠገራ ብርና አሞሌ ነው። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የገባው በዚሁ በነጋዴዎቹ መንገድ ነበር። በዚያው ዓመት ከንጉሡ ጋር የተፈራረመው ውል፣ ሸዋ ውስጥ የሞተ የውጭ አገር ሰው ንብረት ለንጉሥ ይሆን የነበረበትን ልማድ አስቀርቷል። አንድ የተጻፈ ቃል የሰውን ዕጣ ሊለውጥ እንደሚችል የዚያ ዘመን ነጋዴም ያውቅ ነበር ለማለት ነው።

ከአሊዩ አምባ አጠገብ ደግሞ አብዱል ረሱል የሚባል ገበያ ነበር። እዚያ የሚሸጠው ሰው ነው። ይህን ሳያነሡ የይፋትን ንግድ ማውራት ታሪኩን መበደል ይሆናል። በአገሩ ሕግ ሰው መሸጥ ወንጀል አልነበረም፤ በክርስቲያኑ ፍትሐ ነገሥትም ሆነ በሼሆቹ ኪታብ ስለ ባሪያ የተጻፈ ሥርዓት አለ። ገበያው በጠራራ ፀሐይ ይቆማል፤ ይፈታል።

እንግዲህ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ከሐረር መጥቶ አሊዩ አምባ የከረመ ባለገንዘብ ነው። ሁለተኛው ግመሎች ያሉት አፋር ነው። ሦስተኛው የዚያው የአሊዩ አምባ ልጅ፣ መንገድ ከማወቁና ቃሉ ከመታመኑ በቀር ሀብት የሌለው የሲራራ መሪ። ቡናና ቆዳ ወደ ታጁራ አውርደው ጨርቅና ጨው ይዘው ሊመለሱ ተነጋገሩ። የሲራራው መሪ እናት በልጅነቷ አብዱል ረሱል ላይ የተሸጠች ሴት ነበረች። ስለዚህ አንድ ነገር ጠየቀ፦ «እኔ በምመራው ሲራራ ሰው አይሸጥም።» ሁለቱም ወዲያው እሺ አሉ። እሺታቸው የልብ ነበር። ይህን አጥብቄ የምናገረው ኋላ የሆነው ነገር የተንኮለኞች ሥራ መስሎ እንዳይታይ ነው።

ውል ሊያጽፉ ወደ ሼሁ ሄዱ። ሼሁ ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተው ስለነበር የተቀበላቸው ደረሳቸው ነበር፤ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ፣ ገና ጢሙ ያላበቀለ ወጣት። የሲራራው መሪ የጠየቀው ነገር ልቡን ነካው። ቀይ ቀለም በጥብጦ ከውሉ ራስ ላይ፣ ከቢስሚላሂው ቀጥሎ፣ «በዚህ ሽርክና ሰው አይሸጥም፣ አይገዛም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በታች በጥቁር ቀለም የተለመደውን አስከተለ፤ ትርፉ ለባለገንዘቡ ግማሽ፣ የቀረው ለሁለቱ እኩል፤ ያለ ማንም ጥፋት ገንዘቡ ቢጎድል ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ የደከመው ድካሙን ያጣል። ይህ የቆየ ሥርዓት ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና ሌሎቹ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች ዛሬ ሙዳራባ የሚሉት ውል ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። ሦስቱ ሰዎች ውሉ ሲነበብ ሰሙ፤ ቀዩን ጽሕፈት አደነቁ፤ ዱዓ ተደርጎ ተነሡ።

ሲራራው በረሃው የሚጀምርባት ፋሬ ሲደርስ አንድ የሰው ነጋዴ አገኛቸው። ወደ ባሕር የሚነዳቸው ሰዎች አሉት፤ ግመሎቹ ግን አልቀውበታል፤ ለበረሃው ውሃና ስንቅ የሚጭንበት የለውም። ከተለመደው ኪራይ እጥፍ ሰጠ። የሲራራው መሪ እንቢ አለ። ባለገንዘቡ ግን እንዲህ አለው፦ «ወንድሜ፣ ውላችንን አንብበው። አንሸጥም ብለናል፤ አልሸጥንም። አንገዛም ብለናል፤ አልገዛንም። ግመል ብቻ ነው የምናከራየው።» የግመሎቹ ባለቤት ዝም አለ። ያን ዓመት ድርቅ ከግመሎቹ ብዙዎቹን ፈጅቶበት ነበርና ዝምታው እሺታ ሆነ። መሪው ጥሎ እንዳይመለስ ደግሞ ሲራራውን ታጁራ ሊያደርስ ቃል ሰጥቷል።

ታጁራ ሲደርሱ፣ ከፋሬ አብረዋቸው የተነሡት ሁሉ አልደረሱም።

ትርፉ ብዙ ሆነ። አሊዩ አምባ ተመልሰው ሲካፈሉ መሪው ድርሻውን አልነካም አለ፤ ጉዳዩን ይዞ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ውሉን አስነበቡ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ቀዩን ጽሕፈት ራሱ አየ። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ የሰጡት ፍርድ ይህ ነበር፦ ውሉ መሸጥንና መግዛትን ይከለክላል፤ እነዚህ ሰዎች አልሸጡም፣ አልገዙም፤ ግመል አከራዩ እንጂ ውል አላፈረሱም። ደረሳው ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ይሰማ ነበር። በፍርዱ ላይ ስሕተት ሊያገኝበት ፈለገ፤ አላገኘበትም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። በንግድ ማኅበራት ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል። «ሠራተኞቹ የእኛ አይደሉም፤ የኤጀንሲው ናቸው።» «እኛ ከገበሬው በሚዛን አጭበርብረን አልገዛንም፤ ከሰብሳቢው ነው የገዛነው።» «ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ የደፋነው እኛ አይደለንም፤ ለኮንትራክተር ነው የሰጠነው።» የሚናገሩት ሰዎች በአብዛኛው ክፉዎች አይደሉም። የያዙት ወረቀት እውነታቸውን ነው ይላል። ወረቀቱን የጻፍነው ደግሞ እኛ ጠበቆች ነን።

ሕጋችን ማንኛውም የንግድ ማኅበር ዓላማውን በመመሥረቻ ጽሑፉ እንዲገልጽ ያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም፣ በማኅበራት በኩል እሱን የተካው የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1243ም ይህን ይጠይቃሉ። ታዲያ ያንን ቦታ በምን እንሞላዋለን? «አስመጪነትና ላኪነት፣ ጠቅላላ ንግድ፣ እንዲሁም ከእነዚህ ጋር ተያያዥ የሆኑ ማናቸውም ሥራዎች።» ይህ ከቅጽ ወደ ቅጽ ሲገለበጥ የኖረ ቃል ነው፤ ማንንም አይከለክልም፣ ማንንም ወደ የትም አይመራም። አንዳንዴ ደግሞ ቅን ሰዎች ይመጡና «ጠበቃ፣ እኛ ገንዘብ ብቻ አይደለም የምንፈልገው፤ ገበሬውን መጥቀም እንፈልጋለን፤ ይህን በጥሩ አማርኛ ጻፍልን» ይላሉ። እኛም በጥሩ አማርኛ እንጽፍላቸዋለን፤ ከላይ፣ በቀይ ቀለም፣ እንደ ደረሳው።

ወደ ምሳሌው ልመለስ። ከፍርዱ በኋላ ደረሳው ውሉን ይዞ ሼሁ እግር ሥር ተቀመጠ።

«ሼሃችን፣ ከዚህ በላይ እንዴት ይጻፋል? ሰው አይሸጥም ብያለሁ። አንቱም ብትሆኑ ይህንኑ ነበር የምትጽፉት።»

«ይህን ስትጽፍ ማን ሲያፈርሰው ታየህ?» አሉት።

«ማንም አያፈርሰውም ብዬ ነው። ሦስቱም ደጎች ነበሩ።»

«እንግዲያው ለማንም አልጻፍከውም። ንገረኝ፣ የግመሉ ኪራይ ሲመጣ ለማን ገባ?»

«ለሦስቱ። በድርሻቸው።»

«ውልህ ራሱ ነዋ ያካፈላቸው!» አሉ ሼሁ። «ከላይ ይህን አታድርጉ ይላቸዋል፤ ከታች ደግሞ ካደረጋችሁት ግማሹ ለአንተ፣ ሩቡ ለአንተ ይላቸዋል። የትኛውን እንዲሰሙህ ፈለግህ?»

ደረሳው ከዚያ በኋላ የሚለው አልነበረውም።

ሼሁ ሦስቱን ሰዎች አስጠሩና አዲስ ውል ሊጽፉ ተቀመጡ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ፤ ቡናው እየተፈላ፣ ጠብ እየተነሣ፣ ጠቡ በሶላት እየተቋረጠ። ከላይ ስለ ሰው ንግድ የሚል ምንም አልተጻፈም። ነገሩ ሁሉ ወደ ታች፣ ትርፍና ኪሳራ ወደሚከፈልበት፣ ማን ያዛል ማን ይከለክላል ወደሚባልበት ወረደ።

በመጀመሪያ ክልከላው ሰፋ። መሸጥና መግዛት ብቻ ሳይሆን ለሰው ነጋዴ መጫን፣ ማጀብ፣ ማከራየት፣ መንገድ መምራትም ገባበት። «ውሃ ማቀበልም» ሲሉ የግመሎቹ ባለቤት ብድግ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲናገር ያን ያህል አልተቆጣም ነበር። «በረሃ ላይ ውሃ አይከለከልም! የተሸጠውም ቢሆን ይጠማል። ለነጋዴው ብላችሁ ሕፃኑን ልትከለክሉ ነው?» አለ። ሼሁ ብዙ ካሰቡ በኋላ ደረሳውን «ውሃ ይሰጣል፤ ዋጋ አይወሰድበትም ብለህ ጻፍ» አሉት። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ከውሉ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ክፉን ነገር ለመከልከል የሚጻፍ ቃል ብዙ ጊዜ ሳያስበው የሚጎዳው ተጎጂውን ነው፤ ይህን የሚያየው ደግሞ በረሃውን በእግሩ የሚያውቀው ሰው እንጂ ጸሐፊው አይደለም።

ቀጥሎ ገንዘቡ መጣ። ከዚህ ከተከለከለው ሥራ አንድ ብር እንኳ ቢገባ ለሦስቱም አይካፈልም፤ አብዱል ረሱል ላይ የሚሸጥ ሰው ነፃ ለማውጣት ይውላል። ያዡም ከሦስቱ አንዱ አይሆንም፤ የመስጊዱ ኢማም ይሆናሉ። ቀጥሎም በዚህ ጉዳይ ብቻ ሀብት የሌለው ባለድርሻ፣ ማለትም የሲራራው መሪ፣ «አይጫንም» ካለ አይጫንም። መሄድ የሚፈልግ ሲራራው ተመልሶ ሒሳብ ከተሠራ በኋላ የተረፈውን ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ ድርሻውን ግን ሁለቱ ሳይስማሙ ለሌላ ሰው አይሸጥም።

ባለገንዘቡን ይህኛው አንገበገበው። «ታዲያ ገንዘቡ የእኔ መሆኑ ምኑ ላይ ነው?»

«ትርፉ ላይ ነው፤ ኪሳራው ላይም ነው» አሉት ሼሁ። «አልፈርምም ብትል አላዝንብህም። በከተማው ሌላ ጸሐፊ አለ፤ የፈለግከውን ይጽፍልሃል። ይህ መሪ ግን በዚያኛው ውል አይመራህም።»

ፈረመ። ያለዚያ መሪ ግመሎቹ የትም እንደማይደርሱ ያውቃል። እኔ ግን ይህ ብቻ አይመስለኝም። ሰውየው ከታጁራው መንገድ ወዲህ ስለ ፋሬ ሲነሣ ወሬ ይለውጥ ነበር።

በዛሬው ሕግ ስንመለከተው፣ ሼሁ የሠሩትን ዓይነት ሥራ ሌሎች አገሮች በሕግ ስም እየሰጡት ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ከትርፍ ጋር የሕዝብ ጥቅምን ዓላማው ያደረገ ኩባንያ የሚቋቋምበትን ሕግ ቀድማ አወጣች፤ ብዙ ግዛቶች ተከተሏት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጓን አሻሽላ ኩባንያዎች ተልዕኳቸውን በመመሥረቻቸው እንዲያስገቡና አፈጻጸሙ በሌላ ወገን እንዲመረመር መንገድ ከፈተች። የእኛን የ1952 የንግድ ሕግ ያረቀቁት ዣን ኤስካራና ሥራውን የፈጸሙት አልፍሬድ ዦፍሬ ፈረንሳውያን ነበሩ፤ የሕጉ እናት አገር ራሷ አሳቧን አስፍታለች ማለት ነው። የ2013ቱ ሕጋችን ባለ አንድ አባል ማኅበርንና ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርን አምጥቷል፤ ባለ ተልዕኮ ኩባንያ የሚባል ዓይነት ግን አላቋቋመም።

ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ሕጉ እስኪመጣ እንጠብቅ ይላሉ። እኔ አልስማማም። የሸዋ ሮቢትን ማሾ ውሰዱ። ከሮቢ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው ቆላ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል፤ ማሾው ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ ምርት ነው። ነገ ሦስት ሰዎች ማሾ ገዝቶ የሚልክ ማኅበር ሊያቋቁሙ ቢመጡና «ገበሬውን መጥቀም እንፈልጋለን» ቢሉ፣ በተግባር የሚያዝ ውል ለመጻፍ አዲስ ሕግ አያስፈልገኝም። ሚዛኑ የሚታየው ገበሬው ባለበት ነው፤ በሰብሳቢ በኩል የተገዛውም እንደ ራሳችን ግዢ ይቆጠራል፤ ለገበሬው ያልተከፈለ ዕዳ እያለ ለባለአክሲዮን ትርፍ አይከፈልም፤ በሚዛን ማጭበርበር የተገኘ ገንዘብ ቢገኝ ወደ ተጎዳው ይመለሳል እንጂ ትርፍ ውስጥ አይገባም። ይህን ሁሉ መመሥረቻ ጽሑፉ ሊሸከመው ይችላል። የአክሲዮን ዝውውርን በመመሥረቻ ጽሑፍ መገደብ ሕጉ የሚፈቅደው ነው፤ ማኅበሩ ለሌላ ሲሸጥ ዓላማው አብሮ እንዳይሸጥ በሩ ይህ ነው። ከገበሬው ጋር የሚደረገውን ውል በተመለከተ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289 ወጥቷል። አባላቱ ገበሬዎቹ ራሳቸው ከሆኑ፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም የጠበቃ ጥበብ የሚያስፈልገው ምስጢር አይደለም። የሚያስፈልገው ደንበኛውን ፊት ለፊት «ይህን ቃል ማክበር ገንዘብ ሲያስወጣህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት ነው፤ መልሱንም ትርፍ በሚከፈልበት አንቀጽ ላይ መጻፍ ነው። ደንበኛው እንቢ ካለ ፋይሉን መመለስ ይኖራል። ሼሁ «ሌላ ጸሐፊ አለ» ያሉት እውነታቸውን ነበር፤ ዛሬም ሁልጊዜ ሌላ ጸሐፊ አለ።

ሲራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣ። ያው የሰው ነጋዴ ፋሬ ላይ ጠበቃቸው። አሁን የሰጠው ሦስት እጥፍ ነው። ባለገንዘቡ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። በልቡ ሒሳቡን ሠራ፦ ቢቀበሉ ኪራዩ ለኢማሙ ነው፤ ግመሎቹ ይደክማሉ፤ ለእሱ የሚተርፍ የለም። መሪው አፉን መክፈት እንኳ አላስፈለገውም። የግመሎቹ ባለቤት ግን ከጉድጓዱ ውሃ ቀድቶ በገመድ ለተያያዙት ሰዎች አጠጣ። ነጋዴው ሊከፍለው ኮሮጆውን ሲፈታ እጁን ያዘው።

ሰዎቹ ግን አልዳኑም። ይህን ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ነጋዴው በማግሥቱ ከሌላ ሲራራ ግመል አገኘ፤ ቀድሟቸውም ታጁራ ገባ። የሦስቱ ሰዎች ውል የሦስቱን ሰዎች እጅ ብቻ ነው የያዘው። በኢትዮጵያ ባሮችን ነፃ ለማውጣት የታወጀው ደንብ በ1916 ዓ.ም. ነው የመጣው፤ ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ ደግሞ በ1934 ዓ.ም.፤ ካፒቴን ሐሪስ በዚያ መንገድ ካለፈ አንድ መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሕጉ ፈቅዶ ሳለ በየመንገዱ «አይጫንም» የሚሉ ሰዎች እንዳልነበሩ ማን ይናገራል? እነርሱ ያሰሩት የራሳቸውን ግመል ብቻ ነው። ሕግ ሲመጣ ግን የሚቆምበት መሬት እንዲህ ካሉ ሰዎች ልማድ የተሠራ ይመስለኛል፤ ማንም ቀድሞ ያልኖረበትን ሕግ ሰው ሲያከብር አላየሁም።

ሦስቱ ሰዎች ዘግይተው ታጁራ ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደዋል፤ የቀሩት ገዢዎች ዋጋውን ሰብረዋል። ቡናውን ከገዙበት በታች ሸጡ። አሊዩ አምባ ተመልሰው ሒሳብ ሲሠራ ባለገንዘቡ ከገንዘቡ ሲሶውን አጥቷል። በውሉ መሠረት ማንንም ሊጠይቅ አይችልም፤ ጥፋት የሠራ የለምና። ለኢማሙ የሚገባ ገንዘብም አልነበረም፤ የተጣሰ ነገር የለምና። የተረፈውን ቆጥሮ ተቀበለ። «በሰላም ተለያየን» አለ፤ እውነትም በሰላም ነበር። ግመሎቹና መሪው ያለ ገንዘብ ቀሩ።

የሚቀጥለው አርብ ደረሳው ገበያ ዳር፣ ከጨው ተራው አጠገብ ተቀመጠ። ሼሁ «በዚያው ውል ሌላ ገንዘብ ፈልግ፤ ከአንድ ሰው ግን አትፈልግ» ብለውታል። መጀመሪያ የመጣችው አሞሌ የምትቸረችር ሴት ናት። የሲራራውን መሪ እናት ታውቃት ነበር፤ ሁለት አሞሌ አስቀመጠች። ከዚያ አንድ አርጎባ ሸማኔ መጣ፤ ከታጁራ የሚመጣውን ክር በቀጥታ ለማግኘት ፈልጎ ነው፤ አልደበቀውም፤ አንድ ጠገራ ብር ከፈለ። ሦስት ወንድማማቾች አንድ ላይ አንድ ብር አዋጡና ድምፃቸው አንድ ነው ወይስ ሦስት ብለው ተጣሉ። ደረሳው ስሙንም መጠኑንም እየጻፈ፣ ውሉን ለእያንዳንዱ ከላይ እስከ ታች እያነበበ ውሎው አለቀ። ሳይሰማ የሚፈርም ሰው አልፈለገም።

ወደ ማታ ገደማ በገበያው ዳር እንጀራና ወጥ የምትሸጥ ሴት አምስት አሞሌ ይዛ መጣች።  ክልከላው ሲነበብላት አቋረጠችው።

«ቆይ፤ መልሰህ አንብበው። ይህ ቃል የሚይዘው ሲራራውን ብቻ ነው ወይስ እኔንም?»

«እንዴት አንቺን?»

«ማለዳ ማለዳ ከሚበሉብኝ ሰዎች ግማሾቹ የአብዱል ረሱል ነጋዴዎች ናቸው። ለሚነዷቸውም ሰዎች እንጀራ የሚወስዱት ከእኔ ነው። ይከፍሉኛል። በዚህ ገንዘብ ነው አሞሌውን የገዛሁት። ይህ ገንዘብ የእናንተ ውል ውስጥ ይገባል?»

ደረሳው ውሉን ከላይ ወደ ታች ተመለከተው። ስለ ሽርክናው ሥራ ይናገራል እንጂ ባለድርሻው በቤቱ ስለሚሠራው አይናገርም። እንጀራውን ደግሞ የሚበሉት የታሰሩት ሰዎች ናቸው፤ የግመሎቹ ባለቤት ስለ ውሃ የተናገረው ትዝ አለው። ዋጋ ግን ይወሰድበታል።

«አላውቅም» አላት። «ሼሃችንን መጠየቅ አለብኝ። አንቺም ብትመክሪበት ይሻላል፤ ይህን ቃል ከፈረምሽ በኋላ ሊያስከፍልሽ ይችላል።»

ሴትዮዋ አሞሌዎቹን መልሳ በነጠላዋ ቋጠረች። «እስከሚመጣው አርብ» አለችው። ደረሳው ከወንድማማቾቹ ስም በታች ለእሷ የሚበቃ ቦታ ባዶ ተወና ቀጥሎ የቆመውን ሰው ስሙን ጠየቀ።